ሌክ ሲቲ አርቪ ፓርክ አርፈን፣ ከእናቴ ጋር የተራራውን ፒስታ መንገድ መሞከር እንችላለን?

መንገደኛዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ከእናቴ ጋር ኮሎራዶ ልንሄድ ነው። ሌክ ሲቲ በምትባለው ትንሽ ከተማ አንድ አርቪ ፓርክ (ተጎታች ቤት ይዘው የሚያርፉበት ቦታ) ለአምስት ሌሊት ይዘናል። ተጎታች ቤታችንን የምስበው በፒክአፕ ነው። ፎር ዊል አለው፤ ግን ረጅም ነው፣ እኔም ከአስፋልት ወጥቼ ነድቼ አላውቅም። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ገጠር ነው ያደገችው፤ ተራራ ስታይ ፊቷ ይበራል። ስለ አልፓይን ሉፕ፣ እዚያ ስላለው የተራራ ዙር መንገድ፣ ሳነብ አንዱ «ቀላል ነው» ይላል፣ ሌላው የገደል ፎቶ ይለጥፋል። ላሳያት በጣም እፈልጋለሁ፤ ግን እፈራለሁ። የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ከየት ልጀምር? ፒክአፑ ይበቃል ወይስ ጂፕ ልከራይ?

የዳገት ሰው
እህቴ፣ እዚያ ሦስት ሰመር ከርሜያለሁ። ቀላል ያሉሽም ከባድ ያሉሽም አልዋሹም። የሚለየው በየት በኩል እንደምትወጪ ነው።

መንገዱ ሌክ ሲቲን፣ ሲልቨርተንንና ዩሬይን ያገናኛል፤ ወደ 65 ማይል ይጠጋል። ሁለት የተራራ በሮች አሉት፦ ኢንጂነር ፓስ 12,800 ጫማ፣ ሲናሞን ፓስ 12,640 ጫማ። ሁለቱም ከ3,800 ሜትር በላይ ናቸው። ኢንጂነርን በዩሬይ በኩል አትሞክሪው። ሚነራል ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ይዞ የሚወጣው ክፍል ደረጃ ደረጃ የሆነ ቋጥኝ ነው። ከሌክ ሲቲ በሄንሰን ክሪክ ወንዝ በኩል ስትወጪ ግን ለረጅም ርቀት ደህና ፒስታ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ወረድኩት። መሃል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ፔዳሉም እግሬ ስር መስመጥ ጀመረ። እንደምንም ሜዳ ቦታ አገኘሁና አንድ ሰዓት ያህል እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ፓርኩ ውስጥ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ወዴት ነበርክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። የእንጨት ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጉና የቱ ጋ መኪና ለመኪና መተላለፊያ እንዳለ፣ የትናንቱ ዝናብ የቱን እንደሸረሸረው በእርሳስ እያመለከቱ አሳዩኝ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አሉኝ። በነጋታው በጂፓቸው ከፊት ሆነው መሩኝ። ከዚያ ወዲህ ፓርክ ስመርጥ ስለ ዋይፋይ አልጠይቅም፤ ማታ ማታ ሰው ውጭ ተቀምጦ የሚጫወትበት መሆኑን ነው የማየው። አንቺም ውኃውንና መብራቱን እንዳገናኘሽ ጎረቤት ሰላም በይ። ቢሮ ያሉትም ከተራራው ከሚመለሰው ሰው በየቀኑ ወሬ ይሰማሉ።

ተጎታቹን ፓርኩ ውስጥ ተይው። ረጅም ፒክአፕ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ወደፊት ወደኋላ ያሰኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜሽ ስለሆነ ጂፕ ተከራዪ። እዚያው ከተማው ውስጥ ይገኛል። ነዳጅ ሞልተሽ ውጪ፤ ላይ ማደያ የለም፣ ስልክም አይሠራም። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን ሳታዪ አትነሺ። ጠባብ ቦታ ላይ ቅድሚያው ዳገት ለሚወጣው ነው። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይበዛል፤ በማለዳ ተነስተሽ እኩለ ቀን ላይ ከከፍታው ውረጂ።

አበባ ወዳጅ
እኔ አባቴን ይዤ ነው የሄድኩት። ሙሉውን ዙር ባትሄዱትም ምንም አይቀርባችሁም። በሲናሞን በኩል አሜሪካን ቤዚን እስከሚባለው የተራራ ሜዳ ሂዱ። በጁላይ መጨረሻ ሜዳው አበባ በአበባ ነው። አባቴ ወንበሩን አውጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይናገር ተቀመጠ። ጠባብ፣ በአንድ ጎኑ ገደል የሆነ ቦታ መንገድ ላይ አለ፤ ቀስ ብለሽ እለፊው።

ስለ እናትሽ ግን አደራ። ሌክ ሲቲ ራሷ 8,600 ጫማ ገደማ ናት። ሁለት ቀን ይረፉ፣ ውኃ በደንብ ይጠጡ። የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ። ላይ ሆነው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው «ትንሽ እንይ» አትበሉ፣ ወዲያው ውረዱ።

መንገደኛዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጂፕ አስይዣለሁ፣ ለሦስተኛው ቀን። አሜሪካን ቤዚን ድረስ ብቻ። ለእማዬ ስነግራት «ካርታውን እኔ ነኝ የምይዘው» አለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጂፑ ኦቶማቲክ ነው። ከባድ ማርሹን (ዝቅተኛውን) መቼ ነው የማስገባው?

የዳገት ሰው
ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ ቆመሽ። ሞተሩ ይጮኻል፤ አትደንግጪ፣ መኪናውን የሚይዝልሽ እሱ ነው። ፍሬኑን ረግጠሽ አትቆዪበት፣ በየመሃሉ ጫን እያደረግሽ ልቀቂው።