የበረኪና ሽታ ከአኳሪየም ማስጌጫ አልለቅ አለ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም፣ 60 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ያለ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ የሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ጠንካራ ቁስ) ቤተ መንግሥት ማስጌጫ ጥቁር ፂም መሰል አልጌ ወረሰው። በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ ሲፈተግ አረንጓዴው ለቀቀ፤ ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት 5 በመቶ በረኪና፣ 1 እጅ በ19 እጅ ውሃ ተበጥብጦ 15 ደቂቃ ተዘፈዘፈ። አልጌው ነጥቶ ረገፈ፣ ቀለሙም አልተነካም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በደንብ ታጥቦ፣ ክሎሪን ማስወገጃ በሦስት እጥፍ በተጨመረበት ውሃ 24 ሰዓት ቆይቶ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ደርቆም በታችኛው ቀዳዳ በኩል አሁንም በረኪና በረኪና ይሸታል። ውስጡ ያልተቀባና ሸካራ ስለሆነ መጥጦ የያዘው ይመስለኛል። እንዲህ እያለ ቢመለስ የዓሦቹን ስንጥብ ያቃጥላል፣ የማጣሪያውንም ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላል። አቼቶ የምትሉ ካላችሁ፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ አልነካውም።

ዝፍዘፋውን ውሃ እየቀየርኩ ልድገመው፣ ወይስ ውስጡን በአኳሪየም ሲሊኮን ልድፈነው? ሬዚኑ ተሰንጥቆ ፈሳሽ ቋጥሮ እንደሆነስ በምን ይለያል? ለማረጋገጥ የመዋኛ ገንዳ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይበቃል?