«ሱባኤ ገባች» ወይስ «ገዳም ገባች»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ፈቃድ ወስዳ ለጸሎት ገዳም ሄዳለች። አንዱ «ገዳም ገባች» ሲል ቢሮው በሙሉ ደነገጠ። ሌላዋ «ሱባኤ ገባች በል እንጂ» ብላ አረመችው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሱባኤስ የግድ 7 ቀን መሆን አለበት?

መልስ፦ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። «ገዳም ገባች» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ልትመነኩስ ነው» የሚለውን ነው። የምትመለስ ከሆነ «ገዳም ሄደች» ይበቃል። «ሱባኤ ገባች» ግን አያስደነግጥም። ሱባኤ የሚገባ ሰው ቀን ቆርጦ ነው የሚገባው። ቀኑ ሲሞላ ይወጣል።

ይህ የቀን ቆረጣ በቃሉ ውስጥ አለ። ሱባኤ የመጣው ከግእዙ የሰባት ቁጥር ነው። ሥሩ ላይ ዐይኑ «ዐ» ስላለች ጠንቃቆቹ «ሱባዔ» ብለው ይጽፋሉ። ትንቢተ ዳንኤል 9፥24 ላይ «ሰባ ሱባዔ» የሚለውም ይኸው ቃል ነው፤ ሰባ ጊዜ ሰባት ማለት ነው። የፍልሰታን ትውፊት ደግሞ እዩት። ሐዋርያት ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባኤ ያዙ፤ ነሐሴ 14 የእመቤታችንን ሥጋ ተቀበሉ ይባላል። ሁለት ጊዜ ሰባት፣ ልክ 14።

በነገራችን ላይ «ሳምንት» የመጣው ከስምንት ነው። «የዛሬ ሳምንት» ስንል ዛሬንም ቆጥረን ስምንተኛው ቀን ላይ እንደርሳለን። ሱባኤ ግን ሰባቱ ላይ ያቆማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላ መልስ፦ ሥሩ ላይ እስማማለሁ። ግን ዛሬ ሰው «የሦስት ቀን ሱባኤ ያዝኩ» ይላል፣ ማንም ስህተት ነው አይለውም። ቃሉ ከቁጥሩ ሰፍቷል። «ምነው ጠፋህ፣ ሱባኤ ገባህ እንዴ?» የምንለውስ?

መልስ፦ ልክ ነው፣ ሰፍቷል። እኔም የሦስት ቀኑን ስህተት አልለውም። ቁጥሩ ቢለያይም ቀን መቁረጡ አልቀረም። ከ«መነነ» የሚለየውም በዚህ ነው። መነነ በግእዝ ናቀ፣ ተወ ማለት ነው። መናኝ ዓለሙን ትቶ ይሄዳል፣ የመመለሻ ቀን የለውም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን ጸሎት የሄደን ሰው «መነነ» ማለት ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

ራሱ «ገዳም» በግእዝ ዱር፣ ሜዳ ማለትም ነው። በግእዙ ማቴዎስ «ጽጌያተ ገዳም» የሜዳ አበቦች ናቸው። መነኮሳቱ ከሰው ርቀው ስለኖሩ የቦታው ስም የመኖሪያቸው ስም ሆነ።

ጥያቄ፦ «ዝግ ሱባኤ» የሚባለውስ? ስትመለስስ ምን ይባላል?

መልስ፦ ዝግ ሱባኤ በር ዘግቶ፣ ከሰው ሳይገናኙ የሚያዝ ነው። ገዳም ሄዶ ሱባኤ የያዘ ሁሉ ግን ዘግቶ አይቀመጥም፤ ቅዳሴና ማኅሌት የሚቆም፣ ገዳሙን በሥራ የሚያግዝ አለ። ስትመለስ «ሱባኤሽን ይቀበልልሽ» በሏት። ገና ለምትሄድ ሰው ደግሞ «በጸሎት አስቢኝ» ይባላል። ያኔ የክርስትና ስማችሁን መንገር አትርሱ፣ የምታስባችሁ በእሱ ነው።