የኢራቅን ጦርነት የሚሞግተው ዶክመንተሪ ምን ያህል ይታመናል?

ማታ_ተመልካች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢራቅ ጦርነት የተሠራ ዶክመንተሪ አይቼ ግራ ገባኝ። የቀድሞ የሲአይኤ ሰዎችና ዲፕሎማቶች ተራ በተራ ይቀርቡና "ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት የተባለበት ማስረጃ ተጋኗል" ይላሉ። ጦርነቱን ከደገፉት ግን አንድም ተጠያቂ የለም። ባለሥልጣናቱ በተቆራረጠ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚታዩት፤ ከሥሩ ደግሞ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ። ይሄስ ራሱ ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ? ፊልሙን እንተወውና፣ ነገሩ እንዴት ነበር?

የድሮ_አንባቢ፦
ወገንተኛ ነው፣ ልክ ነህ። ውሸት ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ከአሉሚኒየም ቱቦዎቹ ነው የምጀምረው። ኢራቅ ወደ 60 ሺህ ቱቦ ልትገዛ ሞከረች። ሲአይኤ "ለዩራኒየም ማበልጸጊያ ነው" አለ፤ ለኑክሌር ቦምብ ማለት ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች (ማበልጸጊያውን አብጠርጥረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው) "ይሄማ የሮኬት ነው" አሉ። ስፋቱ 81 ሚሊ ሜትር፤ ኢራቅ ቀድሞም ከነበራት ሮኬት ጋር ልክክ ይላል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የስለላ ክፍልም በዚሁ ተስማማ።

ታዲያ የፕሬዚዳንት ቡሽ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ኮንዶሊዛ ራይስ በሴፕቴምበር 2002 (እ.ኤ.አ.) ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ፣ ቱቦዎቹ ከኑክሌር በቀር ለሌላ እምብዛም እንደማይሆኑ ተናገረች። በወሩ የወጣው የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ምስጢራዊ ግምገማ ተቃውሞውን በዝርዝር ይዟል። ለሕዝብ የተለቀቀው ቅጂ ላይ ግን የተቃወሙት መሥሪያ ቤቶች ስም የለም፤ "አንዳንዶች" ተብለው ታልፈዋል። እኔን የሚያናድደኝ እሷ "አንዳንዶች" ናት።

ሚዛን፦
ለአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለኮሊን ፓወል ግን ፍረዱለት። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ጸጥታው ምክር ቤት ፊት፣ በቱቦዎቹ ላይ የሐሳብ ልዩነት እንዳለ ራሱ ተናግሯል። ሳዳምም በ1988 የኩርዶች ከተማ በሆነችው ሐላብጃ ላይ ኬሚካል የረጨ ሰው ነው፤ መጠርጠሩ አይገርምም። ሁሉም ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ የሚለው አይዋጥልኝም።

የድሮ_አንባቢ፦
መጠርጠርና "እናውቃለን" ማለት ይለያያል፣ ወዳጄ። ኢራቅ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪ አላት የተባለው ወሬ በዋናነት የመጣው "ከርቭቦል" ከተባለ ጀርመን ከገባ አንድ ኢራቃዊ ነው። በ2011 ፈጥሬ ነው ያወራሁት ብሎ አመነ።

ማታ_ተመልካች፦
ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ሞከረች የተባለውስ?

የድሮ_አንባቢ፦
ሰነዶቹ ፎርጅድ ነበሩ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ የነበረው ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን 2003 እዚያው ምክር ቤት ላይ ትክክለኛ እንዳልሆኑ ተናገረ። ጦርነቱ ማርች 20 ተጀመረ። ጊዜ አልነበረም እንዳይባል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር።

ሚዛን፦
እሱን አልከራከርም። በነገራችን ላይ ዋይት ሐውስ ባወጣው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም ኤርትራም አሉበት። እርስ በርስ ተዋግተው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው! ስለሱ ዶክመንተሪ ያየ ካለ ሊንኩን ይላክልን።