ታካሚዎችን እኩል እንመድብ ወይስ ወደ ተሻለው ሕክምና እያጋደልን? (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ (ሐኪም)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ሕክምናን ከተለመደው ጋር የሚያነጻጽር ሙከራ እያዘጋጀን ነው። በወር 20 ገደማ እያስገባን 120 ታካሚ ለመድረስ አስበናል። ዋናው ውጤት ታካሚው በ90ኛው ቀን በሕይወት መኖሩ ነው። አንድ ባልደረባችን "ውጤቱን እያየን የተሻለ የሚመስለውን ለብዙ ሰው እንስጥ፤ ግማሹን ሰው በደካማው ላይ ማስቀረት ግፍ ነው" ይላል። ሐሳቡ ልቤን ነክቶታል። ግን ያዋጣል? ሌላው ስጋቴ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የዕድሜና የሕመም ክብደት እንዳይዛባ ነው።

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ
ዶክተር፣ መጀመሪያ ጊዜውን ያስሉት። የመጀመሪያው ታካሚ ውጤት ሲታወቅ ሦስት ወር አልፏል፤ 60 ሰው ገብቷል። የመጨረሻው ሰው ሲመደብም በእጃችሁ ያለው የመጀመሪያዎቹ 60 ገደማ ሰዎች ውጤት ብቻ ነው። ማጋደል የምትችሉት ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም በጥቂት ሰው ውጤት ተመርታችሁ። ለእናንተ አያዋጣም ባይ ነኝ።

በጥቂት ውጤት ማጋደል የሚያመጣውን ጣጣ የኤክሞ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ኤክሞ ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን እየሞላ የሚመልስ መሣሪያ ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መተንፈስ ባቃታቸው አራስ ሕፃናት ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ1985 ውጤቱን አወጡ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ አንዱ ሕክምና በተሳካ ቁጥር ቀጣዩ ሕፃን እሱን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። የመጀመሪያው ሕፃን ኤክሞ ደረሰው፤ ተረፈ። ሁለተኛው የተለመደው ሕክምና ደረሰው፤ ሞተ። ቀጣዮቹ 10 ሁሉም ኤክሞ ደረሳቸው፤ ሁሉም ተረፉ። ታዲያ አንድ ሕፃን ብቻ ያለበትን ማነጻጸሪያ ቡድን ማን ይቀበላል? ክርክሩ ዓመታት ቆየ። በ1996 የወጣው የብሪታንያ ሙከራ 185 ሕፃናትን በዕጣ እኩል መድቦ ነበር። ከ93ቱ የኤክሞ ሕፃናት 30፣ ከሌላው ቡድን 92 ሕፃናት ደግሞ 54 ሞቱ። የሚቺጋን ሐኪሞች ግምታቸው ልክ ነበር። ማስረጃቸው ግን ሌላውን ሐኪም ለማሳመን አልበቃም፤ የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው።

ነርስ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማጋደሉ 2 ለ 1 ቢደርስ እንኳ በደካማው የሚቀረው ሰው ያንሳል አይደል?

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ
ልክ ነሽ እህቴ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ ከመነሻው ከታወቀ ያንሳል። 60 ለ 60 የሚሰጠውን ያህል እርግጠኝነት በ2 ለ 1 ለማግኘት 135 ሰው ገደማ ያስፈልጋል፤ 90 እና 45። ግን ያንን ብናውቅማ ሙከራውም ባላስፈለገ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች በአጋጣሚ ደካማውን ጥሩ ካስመሰሉት፣ ብዙው ሰው የሚገባው እዚያው ነው።

የመረጃ ተንታኝ
አንድ ነገር ልጨምር። በኋላ የሚገቡት ታካሚዎች ሕመማቸው የቀለለ ከሆነ፣ ወይም የሐኪሞቹ እጅ እየተፍታታ ከሄደ፣ በኋላ ብዙ ሰው የተመደበበት ሕክምና ያለሥራው ይመሰገናል። ስለዚህ የሚያጋድል ሰው በሁለት ግምገማዎች (የተጠራቀመው ውጤት በሚታይባቸው ጊዜያት) መካከል የምደባውን መጠን አይነካም፤ ትንተናውንም በየወቅቱ ለይቶ ይሠራል።

ሦስት አራት ሕክምና ቢኖራችሁ ግን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። በ2010 የተጀመረው አይ-ስፓይ 2 የተባለው የጡት ካንሰር ሙከራ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ላይ እየፈተነ፣ ለየዕጢው ዓይነት ተስፋ ወደሚሰጠው መድኃኒት ያጋድል ነበር። እንዲህ ባለው ሙከራ ማጋደል በእርግጥ ይጠቅማል፤ የማነጻጸሪያው ቡድን ድርሻ እንዳይመናመን መጠበቅ ብቻ ነው።

የሙከራ አስተባባሪ
ለዕድሜውና ለሕመሙ ክብደት ሚኒማይዜሽን ተጠቀሙ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ኮምፒውተሩ "የትኛው ቡድን ቢገባ ልዩነቱ ይጠብባል?" ብሎ ያሰላል። ከዚያ ወደዚያ ቡድን፣ ለምሳሌ በ80 በመቶ ዕድል፣ ይመድበዋል። 100 በመቶ አታድርጉት፤ ሐኪሙ ቀጣዩን ምድብ መገመት ይጀምራል። ምደባው ከአንድ ማዕከል ይምጣ። ሚዛን የጠበቃችሁባቸውን ነገሮች በመጨረሻው ትንተናም አስገቧቸው።

ጠያቂ (ሐኪም)
በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲያው እኩል መድበን ሚኒማይዜሽን እንጨምራለን። ግን አዲሱ ሕክምና በግልጽ ከበለጠ በመሃል ማቆም አንችልም?

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ
ይቻላል፤ የባልደረባዎን ጭንቀት በተሻለ የሚመልሰውም እሱ ነው። ነገር ግን የ90 ቀኑን ውጤት ከጠበቃችሁ፣ የ60 ሰው ውጤት ሲሟላ 120ውም ሰው ገብቶ አልቋል። ለመሃሉ ግምገማ የ28ኛ ቀን ሕይወትን ተጠቀሙ። ያኔ የ60 ሰው ውጤት የሚሟላው 80 ገደማ ሰው ሲገባ ነው፤ ለቀሪዎቹ 40 ሰዎች ትደርሳላችሁ። ገለልተኛ የደህንነት ኮሚቴ ብቻ ይየው። የማቆሚያው መስፈርት ጠንካራ ይሁን፤ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊትም ፕሮቶኮሉ (የሙከራው የጽሑፍ ዕቅድ) ላይ ይስፈር። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን (በምናባዊ ታካሚዎች በሚደረግ የማስመሰል ሙከራ) ደጋግማችሁ ፈትሹት፤ በተለይ ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ሲሆኑ በስንት በመቶው ያለአግባብ "አዲሱ በለጠ" ብሎ እንደሚያቆም እዩ።