የወደፊቱ ኩሽና ሥዕል ውስጥ ምጣድ የት ሄደ?

ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ነኝ፤ እንጀራ ጋግሬ ለሰፈር ሰውና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ልጄ ሰሞኑን የወደፊት የቤት ዕቃዎችን ሥዕል በስልኳ ታሳየኛለች። አንዱ በር የሌለው ፍሪጅ ነው። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አለ፤ ሎሚውንም ጠርሙሱንም እዚያው ውስጥ ትሰኪዋለሽ። ዩሪ ዲሚትሪየቭ የሚባል ሩሲያዊ በ2010 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮለክስ የሚባል የቤት ዕቃ አምራች ላዘጋጀው የዲዛይን ውድድር ያቀረበው ሐሳብ ነው አለችኝ። በጣም ወደድኩት።

ግን ሥዕሉን ሁሉ አገላብጬ ምጣድ አጣሁ። እኔ ቤት እንደ ምጣድ መብራት የሚበላ ዕቃ የለም።

ማክሰኞ ለት የሆነውን ልንገራችሁ። 11ኛውን ሊጥ አዙሬ አክምባሎውን እንደከደንኩ መብራት ሄደ። በቃ ተበላሸ አልኩ። ስከፍተው ግን ዓይኑ ሙሉ ነው፣ በስሏል! ደፈር ብዬ ሌላ ጨመርኩ፤ እሱም ወጣ። ቀጣዩ ግን ዓይን አላወጣም፣ ጠርዙም አልተነሳም። ሰፌዱን ስሰድበት መሐሉ ላይ ተቀደደ። የቀረው ሊጥ እስከ ማታ ኮምጥጦ ተደፋ። የጤፍ ዋጋ እያወቃችሁት፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ሸክላው ያን ያህል ሙቀት ከያዘ፣ የበለጠ እንዲይዝ አድርጎ መሥራት አይቻልም? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሽቦ ጠጋኝ (አዳማ)
እህቴ፣ ምጣድ ስጠግን 12 ዓመቴ ነው። ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ነው የሚዞረው። ሙቀቱ ታዲያ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። እየጋገርሽ ሳለ እጅሽን ከሥሩ ራቅ አድርገሽ ያዢው፤ የሚሰማሽ ሁሉ የከፈልሽበት ነው። መጀመሪያ እሱ ይዘጋ። ሥሩና ጎኑ እሳት የማይበላው ጥጥ ይልበስ።

ሸክላውን ማወፈር ግን ብቻውን አይበጅሽም። ወፍራም ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ ለመጋል ግን ሰዓት ይፈጃል። አንድ እንጀራ ስታወጪም ላዩ ቶሎ አያገግምም። እኔ ብሠራው ላዩን ስስ፣ ሥሩን ሙቀት የሚያጠራቅም ወፍራም አደርገው ነበር።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
እነዚህ ሥዕሎች ተሠርተው የሚሸጡ አይደሉም፤ ጥያቄ ለማንሳት የሚሳሉ ናቸው። ኖኪያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሞርፍ የሚባል፣ እንደ አምባር እጅ ላይ የሚጠመጠም ስልክ አሳይቶ ነበር። ገበያ አልወጣም። የሚታጠፍ ስክሪን ያለው የሳምሰንግ ስልክ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ተሸጠ።

አንድ ልጨምር። ፊሊፕስ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳየው የወደፊት ቤት ውስጥ የኩሽና ጥራጊ ወደ ጋዝ ተለውጦ ምድጃውን ያነዳል። የገበታው መሐል ላይ ደግሞ ድርብ ግድግዳ ያለው ሸክላ አለ፤ በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ውኃ ሲተን ውስጡ ያለውን ምግብ ያቀዘቅዛል። ይሄ እኮ የእንስራ ሥራ ነው! አያቴ እንስራዋን ነፋስ በሚያገኘው ጥግ ታስቀምጠው ነበር፤ ላቡ በጣቴ ይታወቀኛል። ደረቅ ነፋስ ላላችሁ ለእናንተ ለአዳማዎች ደግሞ የበለጠ ይሠራል። እኛ ጋ ክረምት ላይ አየሩ ስለሚረጥብ ቀስ ይላል። ስለዚህ ሸክላሽን አትናቂው፤ የወደፊቱንም ከእሱ ጀምሪ።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁም ተባረኩ። እኔ የምፈልገው አሁን ገባኝ። መብራት ሲሄድ ስንት እንጀራ እንደሚያወጣልኝ የሚነግረኝ ምጣድ። ጠርዙ ላይ ትንንሽ መብራቶች ይኑሩ፤ ሦስቱ ከበሩ ሦስት፣ አንዱ ብቻ ከበራ አንድ። ሲጠፉ ሊጤን አላፈስም።

ሽቦ ጠጋኝ (አዳማ)
ይሄማ ሩቅ አይደለም። ሸክላው ሥር ሙቀት መለኪያ፣ ለመብራቶቹ ትንሽ ባትሪ፣ ይበቃል። ከባዱ ልኩን ማግኘት ነው፤ በስንት ዲግሪ ዓይን እንደሚያወጣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሁድ ሊጥ አዘጋጂ፣ መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ። ሆን ብለን ብሬከሩን እናጠፋና እስኪቀደድ ድረስ እንቆጥራለን።