የ640 ሟቾችን ስም በመታሰቢያ ላይ ማንበብ፦ ስንት አንባቢ፣ ስንት ሰዓት?

ጠያቂ፦
ዲሴምበር 9፣ በዘር ማጥፋት ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን፣ የ640 ሰው ስም ከነዕድሜውና ከነመንደሩ ጮክ ብለን ልናነብ ነው። ዝርዝሩ ከሁለት መዝገብ የተለቀመ ስለሆነ የተደጋገመ ስም አይጠፋውም። ስንት አንባቢ ይበቃል? ዛሬ ስለሚሳደዱት ደግሞ ምን እንበል?

መዝገብ ቤት፦
ሳይጣደፉ ሲነበብ አንዱ ስም 7 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ 640ው ወደ 75 ደቂቃ ይመጣል። 8 አንባቢ፣ ለእያንዳንዱ 80 ስም፣ ሁለት ተጠባባቂ። አንድ ሰው ከ10 ደቂቃ በላይ ካነበበ ድምፁ ተማሪ የሚቆጥር መምህር ይመስላል። በገጽ 20 ስም፣ በትልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ አትሙ። ገጹ ላይ «3/4» እያላችሁ ቁጥር ስጡ፤ ንፋስ ቢበትነው ቶሎ ይሰበሰባል።

ድግግሞሹን የሚወልደው ፊደላችን ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አምጡና ፈልጉ። የአባት ስም፣ መንደርና ዕድሜ ሦስቱም ካልገጠሙ ግን አትሰርዙ፤ አጎትና የወንድም ልጅ አንድ ስም ሊጋሩ ይችላሉ። በፊደል ተራ አትደርድሩ፣ ቤተሰብ ይበታትናል። በመንደር፣ ከዚያ በቤት ይሁን።

ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ካለ አትዝለሉት፦ «የእገሊት ልጅ፣ የ3 ወር» ተብሎ ይነበብ።

አንባቢ፦
ማጥበቅና ማላላት ተረሳ! «ገና» በዓሉም «ገና አልመጣም» የሚለውም አጻጻፉ አንድ ነው፤ ስምም እንደዚያው ነው። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ፣ የሌላ ቋንቋ ስም ከሆነ ዘመድ በስልክ ቀርጾ ይላክላችሁ። የተሳሳተ ስም ለቤተሰቡ እንዳልተጠራ ነው።

ድምሩን የመጨረሻ አድርጋችሁ አትናገሩ። በቦስኒያ የስሬብሬኒጻ ዘር ማጥፋት ሰለባዎች ባረፉበት በፖቶቻሪ መካነ መቃብር ድንጋዩ ላይ 8,372 ተቀርጾ ቁጥሩ የመጨረሻ እንዳልሆነም አብሮ ተጽፏል።

ሕግ አዋቂ፦
ስለዛሬው ስትናገሩ ቃል ምረጡ። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት የጸደቀው በዚሁ ዲሴምበር 9 ነው፤ ዘር ማጥፋት የሚለው አንድን ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉም ሆነ በከፊል የማጥፋት ሐሳብ ሲኖር ነው። ማሳደድ ይህን ሐሳብ ማስረዳት ሳያስፈልግም ወንጀል ነው፤ ስለዚህ የተረጋገጠውን ድርጊት ስሙን ጠርታችሁ ተናገሩ፦ ማፈናቀል፣ የጅምላ እስር፣ የአምልኮ ቦታ ማቃጠል። በቀጥታና በይፋ ለዘር ማጥፋት መቀስቀስም በስምምነቱ ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታገኙ አታጋሩት፤ ሊንኩን፣ ቀኑንና የገጹን ሙሉ ምስል አስቀምጡ። ቪዲዮ ከሆነ ዋናውን ፋይል ያዙ፣ በመልእክት መተግበሪያ ሲላላክ ጥራቱ ይወርዳል፣ የተቀረጸበት ጊዜና ቦታም ሊጠፋ ይችላል።

ጠያቂ፦
ከጥቃቱ የተረፉ ዘመዶችን ስምስ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ብናወጣ?

ሕግ አዋቂ፦
ራሳቸው በጽሑፍ ካልፈቀዱ አይወጣም። አሳዳጆቹ ገና ሥልጣን ላይ ካሉ ቢፈቅዱም አታውጡት።