ከሆስፒታል የተጻፈልንን መድኃኒት ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ አልሰጥም አለን (እንግሊዝ)

ብርቱካን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 57 ዓመቷ ነው። ትናንት ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፤ ስፔሻሊስቱ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጻፈላት። እዚያው ያለው ፋርማሲ ወረፋው አያድርስ ነው፣ ከሰፈር እንወስዳለን ብለን ወጣን። የሰፈሩ ፋርማሲስት ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ እኛ ጋ አይሠራም» አለን። የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ታካሚ አይደለችም እንዴ?

የማታ ፈረቃ፦ ወረቀቱ አረንጓዴ ነው?

ብርቱካን፦ ነጭ ነው። የሆስፒታሉ አርማ አለበት።

የማታ ፈረቃ፦ በቃ ነገሩ እሱ ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ይሄ ሁልጊዜ ይገጥመናል። ነጩ የሆስፒታሉ የውስጥ ማዘዣ ነው፤ በእሱ መድኃኒት ብንሰጥ ሒሳቡን ኤንኤችኤስ አይከፍለንም። ውጭ የሚሠራው ኤፍፒ 10 የሚሉት አረንጓዴው ወይም በኮምፒውተር የሚላከው ነው። እሱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ያገለግላል፤ እንደ ሞርፊን ላሉት ግን 28 ቀን ብቻ ነው። ወይ ተመልሳችሁ ከዚያው ውሰዱ፣ ወይ ለስፔሻሊስቱ ጸሐፊ ደውለሽ በአረንጓዴ ይጻፍልን በያት።

ጦቢያ፦ ጂፒው፣ የሰፈር ሐኪሟ፣ ቢጽፍላትስ? እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

የማታ ፈረቃ፦ ይቻላል፣ ግን የሆስፒታሉ ደብዳቤ ጂፒው ጋ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ዛሬ የሚጀመር መድኃኒት ከሆነ አትጠብቁ። አንዳንዱን ደግሞ ጂፒው «ይሄን ስፔሻሊስቱ ይከታተል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ዋርካ፦ ብርቱካን፣ ስለ ክፍያውም አስቢበት። እናትሽ 60 ስላልሞላት በዕድሜ ነፃ አትሆንም። በሜይ 2024 በወጣው ተመን አንዱ ዓይነት 9.90 ፓውንድ ነው፤ ሦስቱ 29.70 መሆኑ ነው፣ ሆስፒታልም ወሰድሽው ሰፈር። በየወሩ የምትወስደው ከሆነ ግን ሁሉንም የሚሸፍነው የ3 ወር ቅድመ ክፍያ 32.05 ብቻ ስለሆነ በሁለተኛው ወር ታተርፋላችሁ። ገቢዋ አነስተኛ ከሆነ ኤችሲ 1 የሚባለውን ቅጽ ሙሉላት፤ ኤችሲ 2 የሚባለው የምስክር ወረቀት ከመጣላት በነፃ ትወስዳለች። እስከዚያ ከከፈላችሁ፣ እዚያው ስትከፍሉ ኤፍፒ 57 የሚባለውን ደረሰኝ ጠይቁ። በኋላ ብትለምኚም አይሰጡሽም፤ እኔ በተራ ደረሰኝ ገንዘቤን አስመልሳለሁ ብዬ እጄን አጨብጭቤ ቀርቻለሁ። ገንዘቡ የሚጠየቀውም በ3 ወር ውስጥ ነው።

ብርቱካን፦ እግዜር ይስጥልኝ! ጸሐፊዋን አገኘኋት። ሁለቱን በአረንጓዴ ትጽፍልኛለች፣ ማለቴ ታስጽፍልኛለች። ሦስተኛው ከሆስፒታሉ ውጭ አይሰጥም አለች፤ ነገ በጠዋት ሄጄ እሰለፋለሁ።